ራሷን ስለምታቆስል ልጅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ16 ዓመት ልጄ በግንቦት ሙቀት እጅጌዋን እስከ መዳፏ ስባ ትውላለች። ባለፈው ልብስ ስታጥብ ክንዷ ላይ የተደረደሩ ጭረቶች አየሁ። ባለቤቴ «በማርቆስ ወንጌል ራሱን በድንጋይ ይቧጭር እንደነበረው ሰው ጋኔን ይዟታል» ይላል። ጠበል ይበቃታል? ኃጢአቷስ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለሆነ ማቁሰል አይገባም። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ልጅዎም ታውቀዋለች፤ ባታውቀውማ እጅጌዋን ባልሳበች። ራሳቸውን ከሚያቆስሉ ወጣቶች ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት መሞት ፈልገው ሳይሆን፣ በቃል ሊያወጡት ያልቻሉት ኀዘን፣ ፍርሃት ወይም ራስን መጥላት ሲያፍናቸው ለጊዜው ስለሚቀልላቸው ነው፤ እፎይታው ቶሎ ያልፍና ኀፍረት ይተካበታል፣ ኀፍረቱም መልሶ ወደዚያው ይመራቸዋል። ስለዚህ ቁጣ ኀፍረቷን ያበዛል እንጂ አያስተዋትም።

ባለቤትዎ የጠቀሱትን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የአገሩ ሰዎች ያንን ሰው በሰንሰለትና በእግር ብረት ቢያስሩት አልፈየደም፤ ጌታ ግን ፈውሶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ላከው። ራሱን ያቆሰለ ሁሉ ጋኔን አለበት የሚል ቃል በዚያ የለም። ለልጅዎ ይልቅ ኤልያስ ይቀርባታል። «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው።

ጠበሉን አልከለክልም፤ ከሐኪም ጋር አያጣሉት። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይቃረኑም ብለው አስተምረዋል፤ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስላለ ወደዚያ ይውሰዷት።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ፣ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻዋ፣ «ክንድሽን አይቻለሁ፤ አልተቆጣሁም፤ ምን አስጨነቀሽ?» ይበሏት፤ ዝም ብትልም አብረዋት ይቀመጡ። «መሞት ያምርሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም። አዎ ካለች ለደቂቃም ብቻዋን አይተዉአት፣ ስለታም ነገርና መድኃኒት ያርቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የንስሐ አባቷም ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት ይህን ማወቅ አለባቸው፤ የምትነግራቸው ግን እርሷ ትሁን። ጠበል ስትሄዱ ደግሞ ቁስሏን በሰው ፊት እንድትገልጥ ማንም አያስገድዳት፤ ክንዷን እንደሸፈነች ትጠመቅ።