«ዘር»፣ «ዝርያ» ወይስ «ዓይነት»?

ጥያቄ፦ ስለ ካናቢስ (ሐሺሽ ስለሚገኝበት ተክል) የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሳቲቫ፣ ኢንዲካና ሩደራሊስ የሚባሉትን «ዘር» ልበላቸው፣ «ዝርያ» ወይስ «ዓይነት»? የማያሰክረውን ካናቢስ፣ «ሄምፕ»ንስ «ቃጫ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚወድቀው «ዘር» ነው። የወንዴው ብናኝ ያልደረሳት ሴቴ ካናቢስ ፍሬ አትይዝም። ገበያው የሚፈልገው እሷን ስለሆነ አብቃዮች ወንዴውን ነቅለው ይጥላሉ፤ የወደዱትን ተክል ደግሞ ከቅርንጫፉ ቆርጠው እየተከሉ ያባዙታል። እንግዲህ «ዘር የሌለው ዘር» ብለው ሊጽፉ ነው! «ዝርያ» ከዚያው ከ«ዘራ» ቢወለድም የሚጠራው ትውልድን ነው፤ «የእገሌ ዝርያ» ሲባል እህል ትዝ የሚለው የለም።

«ዝርያ ለስፒሽስ (ሳይንስ ሕያዋንን ለሚመድብበት መሠረታዊ ክፍል) ብቻ ይቀመጥ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ዓይነት ይባል» የሚሉ አሉ። ያምራል፤ ግን ግብርናውን አልጠየቁም። ጤፍ አንድ ስፒሽስ ሆኖ ሳለ «ቁንጮ» የጤፍ ዝርያ ይባላል፤ ተመራማሪውም የልማት ሠራተኛውም የሚለው ይህንኑ ነው። ለስፒሽስ እኔን ቢጠይቁኝ «ወገን» እላለሁ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ዕፅዋት ዘር የሚሰጡት «እንደ ወገኑ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት እዚያው ጎን ለጎን ሆነው ሥራ ተከፋፍለዋል። ይሁንና «ወገን» ዛሬ ርዳታ ሲለመን የሚሰማ ቃል ሆኗል፤ ዋልያንም «ብርቅዬ ዝርያ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል። ለስፒሽስም «ዝርያ» ቢሉ አላርምዎትም፤ ደስ ግን አይለኝም።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ «ሳቲቫ» በላቲን «የተዘራች» ማለት ነው፤ የግዕዙ «ዝሩዕ» መሆኑ ነው። ፌጦ፣ አተር፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በሳይንሳዊ ስማቸው ይህንኑ ቃል ይዘዋል፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ካናቢስን ከጓሮ አትክልት አይለይም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 «ካናቢስ ሳቲቫ» አለ፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ በ1785 ከሕንድ የመጣውን አጠር ያለ ተክል «ኢንዲካ» ብሎ ለየው። «ሩደራሊስ» በ1924 የመጣ ስም ነው፤ ሥሩ «ፍርስራሽ» ነው፤ በወደቀ ቤትና በመንገድ ዳር የሚበቅል ለማለት። ይህኛው ቀን እስኪያጥር አይጠብቅም፤ ዕድሜው ሲደርስ ያብባል። በ1976 የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ስሞልና ክሮንኲስት ሁሉንም አንድ ስፒሽስ አድርገው በሁለት ንዑስ ዝርያ ከፈሉት፤ ክርክሩ ግን አልቆመም።

ለጽሑፍዎ የሚበጀው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። በሱቅ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው «ሳቲቫ» እና «ኢንዲካ» ከተክሉ የዘር ሐረግ ጋር ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም በ2015 የወጣ የጂን ጥናት አሳይቷል። እንዲህ ያለውን «ዝርያ» ማለት ያልተረጋገጠ ዝምድና መመስከር ነው፤ «ዓይነት» ይበቃዋል። በኬሚካል የሚለዩትም እንዲሁ ናቸው፦ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) የሚበዛበት፣ ሲቢዲ (የማያሰክረው) የሚበዛበት፣ ሁለቱም የሚቀራረቡበት። ንጹሕ የቲኤችሲ ተክል ከንጹሕ የሲቢዲ ተክል ጋር ቢዳቀል ልጆቹ ሁለቱንም ያመርታሉ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ የልጅ ልጆቹ ወደ 1፡2፡1 ይከፈላሉ፦ አንድ እጅ ቲኤችሲ፣ ሁለት እጅ ሁለቱንም፣ አንድ እጅ ሲቢዲ። የአንድ እናት ልጆች ሦስት ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፤ ሦስት ዝርያ ሆኑ ማለት ግን አይቻልም። «ዝርያ»ን ስም ወጥቶለት፣ ተመርጦ፣ ጠባዩን ይዞ ለሚባዛው ተክል ያቆዩት።

«ሄምፕ» እና «ካናቢስ» በሥረ መሠረታቸው አንድ ቃል ናቸው። የጀርመን ወገን ቋንቋዎች የጥንቱን ክ ወደ ህ፣ ብ ወደ ፕ ለውጠዋል፤ «ከ» «ኸ» ሲሆን ለሰማ አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የሚለያቸው በአብዛኛው ሕግ ነው። ለምሳሌ በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ቲኤችሲ ያለውን ተክል ሄምፕ ብሎታል። «ቃጫ» እኛ ዘንድ የእንሰትና የሲሳል ክር ነው፤ ተክል አይደለም። «የቃጫ ካናቢስ» ይባል ስል ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ሄምፕ ለዘይቱና ለሲቢዲውም ስለሚመረት ስያሜዬ ይጠብበዋል። «ሄምፕ» ብለው ይጻፉ፤ «ቃጫ»ን ከአገዳው ለሚላጠው ክር ይጠቀሙበት።