ያት ክለብ የሀብታም ነው ያላችሁ ማነው?

ሲያትል ከገባሁ 23 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ 16ቱን ዓመት ከሌክ ዋሽንግተን በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት እየኖርኩ ውሃውን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ታክሲ እየነዳሁ በተንሳፋፊው ድልድይ ላይ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አልፋለሁ። ነጫጮቹን ሸራዎች አያለሁ። "እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?" እላለሁ። በቃ። ተወልጄ ያደግኩት ደግሞ ባሕር ዳር ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእኔ ነው።

ላለፉት 7 ዓመታት ግን ሰመር በመጣ ቁጥር ቅዳሜዬን የማሳልፈው አንድ የሰፈር ያት (የመዝናኛ ጀልባ) ክለብ ውስጥ ነው። ጀልባ የለኝም፣ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። የምሠራው በነጻ ነው። ይህን የሰማ ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛ "ስንት ይከፍሉሃል?" ሁለተኛ "ምን ነካህ?" አዲስ የመጡ ልጆች ሲደጋግሙብኝ ጊዜ ልጻፈው አልኩ። ለነባሮቹም ነው። እናንተማ ትብሳላችሁ።

1. ወረቀት

ፎርም ትሞላላችሁ፤ ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ የወንጀል ሪከርድ ያያሉ፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት ካርድ ያስፈልጋል፣ ትምህርቱ ኦንላይን አለ። ለዲቪ ያን ሁሉ ወረቀት የሞላ ሰው ይህ አያቅተውም።

2. "የሀብታም ነው" የምትሉት ነገር

ያት ሲባል የሚመጣብን ቲቪ ላይ ያየነው ባለ ሦስት ፎቅ ነጭ መርከብ ነው። ሻምፓኝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ምናምን። እንደዚያ የሚያምርበትም አይጠፋም። ሲያትል ያት ክለብ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1892 ነው፣ ለዐድዋ ጦርነት አራት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እዚያ ለመግባት የሚያቀርብህ አባል ያስፈልጋል፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ግን የእነሱንም ትልቅ ቀን ማየት ነጻ ነው። በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ የጀልባ ወቅት ሲከፈት ጀልባዎቹ ተሸልመው ሞንትሌክ ላይ ባለው ጠባብ ቦይ በሰልፍ ያልፋሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ዳሩ ላይ ቁሙ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህን ያህል ዓመት ኖራችሁ ያላያችሁት?

የሰፈር ክለብ ሌላ ነገር ነው። የእኛው አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት፣ አንድ የሚወዛወዝ የጀልባ መቆሚያና ሁልጊዜ የተበላሸ ቡና ማፍያ ነው። አባላቱ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ። ክለብ ካልፈለጋችሁም ሞንት ቤከር ሰፈር የከተማው ፓርክ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው የቀዘፋና የሸራ ማዕከል አለ፤ ከእኛ ምግብ ቤቶች ሩቅ አይደለም። ማግኑሰን ፓርክ ሌላ አለ። ሌክ ዩኒየን ደቡብ ጫፍ ላይ ደግሞ የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል አለ፣ እዚያ በጎ ፈቃደኛ ከሌለ የሚሆን ነገር የለም።

ገንዘብ ባይኖራችሁም መውጣት ትችላላችሁ። ማክሰኞ ማታ በሰመር ሌክ ዩኒየን ላይ "ደክ ዶጅ" የሚሉት ውድድር አለ፤ ውድድር ልበለው እንጂ ግማሹ ጨዋታ ነው። ለጀልባ ባለቤት የሚጎድለው ገመድ የሚስብለት ሰው ነው። ወለል የማያበላሽ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አድርጋችሁ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ "ሰው ጎድሏችኋል?" በሉ። ምንም አላውቅም በሉ፣ አታፍሩ። ያሳዩዋችኋል።

3. ውሃ

ይህን ሳትቀበሉ ወደ ሌላው አትለፉ። እኛ ዋና አንችልም። አብዛኞቻችን አንችልም፣ ልጆቻችንንም አናስተምርም፣ ከዚያ በሰመር ሐይቅ ዳር ሥጋ እንጠብሳለን። ጣና እንኳ ያ ሁሉ ስፋት እያለው ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ሌክ ዋሽንግተን ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ደግሞ ሌላ ነው። ሜይ ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል አትታለሉ፣ ውሃው ገና በረዶ ነው። ክለቡ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስጠኑት ሦስት ቁጥር አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለው፣ እጅና እግሩ የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ይህ እንግዲህ ተንሳፎ ከቆየ ነው። ላይፍ ጃኬት የሌለው ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃም ላያልፋት ይችላል። ሕጉ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከ19 ጫማ ባጠረ ጀልባ ላይ ሲሄድ ላይፍ ጃኬት ይልበስ ይላል። እናንተ 40 ዓመታችሁም ቢሆን ልበሱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

እኔ ዋና የተማርኩት በ45 ዓመቴ ነው። የከተማው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ አፍንጫዬን ይዤ። አንዷ ልጅ "አይዞህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር" ብላኛለች።

4. ቼካችሁን ተዉት፣ ቅዳሜያችሁን ስጡ

ክለቡን የተቀላቀልኩት ወድጄ አይደለም። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የልጆች ስልጠና ገባች። ኦፕቲሚስት የሚሏት ጀልባ አለች፣ ርዝመቷ 2 ሜትር ከምናምን፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነው የምትመስለው። የወላጅ ግዴታ ደግሞ አለ፣ በወቅቱ ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት ታገለግላለህ ይላል። እኔ ያኔ ቅዳሜና እሑድ እነዳለሁ። ምን አደረግኩ? ቼክ ጻፍኩ። የሐበሻ መፍትሔ። እናት ስትታመም እንልካለን፣ ለቅሶ ሲሆን እንልካለን፣ ልጅ ሲከፋው አይፎን እንገዛለን።

ፕሮግራሙን የምትመራው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቼኩን አጣጥፋ መለሰችልኝ። "ገንዘቡን አልፈልገውም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ና፣ ጓንት ያዝ" አለችኝ። ተናደድኩ። ሄድኩ።

በር ላይ አንድ ሰውዬ ገና ሲያየኝ "ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው" አለኝ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ መስዬው ነው። ይህ ይገጥማችኋል፣ አይገጥማችሁም ብዬ አልዋሻችሁም። ያን ቀን ወደ መኪናዬ ተመልሼ ነበር። ቁልፉን ይዤ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጄ ከሩቅ ስትፈልገኝ አየኋትና ወረድኩ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱ ይቀላል። ያ ቡና ማፍያ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የተገለበጡ ጀልባዎች ሆድ ላይ የያዘውን አረንጓዴ ዝቃጭ መፋቅ ነበር። አጠገቤ የሚፍቀው ሽማግሌ እየፋቀ ታሪክ ይነግረኛል። ሐይቁ ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ በፈረንጆቹ 1916 ያ የሞንትሌክ ቦይ ሲከፈት ውሃው ወደ 3 ሜትር ገደማ ዝቅ አለ አለኝ። ሰዋርድ ፓርክን ታውቀዋለህ? ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው መሬት በደንብ የወጣው ያኔ ነው። ያኔ ሲያትል ከገባሁ 16 ዓመት ሆኖኛል፣ ፓርኩ ውስጥ ስንት ጥብስ በልቻለሁ፣ ማንም ሐበሻ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ኋላ ላይ የክለቡን ውድድር ወደሚያስጀምሩት ዳኞች ጀልባ አሳደጉኝ። ሥራው ቀላል ይመስላል። አምስት ደቂቃ ሲቀር ጥሩምባ ይነፋና አንድ ባንዲራ ይወጣል፣ አራት ደቂቃ ሲቀር ሌላ ባንዲራ፣ አንድ ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛው ይወርዳል፣ በዜሮው የመጀመሪያው ይወርድና ጀልባዎቹ ይለቀቃሉ። የጀልባዎቹን ቁጥር የምትጽፉት በእርሳስ ነው፣ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም፣ ያቺ ጥሩምባ ለማንም አትዘገይም። እኔ በሦስተኛው ሳምንቴ አንድ ደቂቃ ሲቀር የተሳሳተውን ባንዲራ አወረድኩ። ግማሾቹ ለቀቁ፣ ግማሾቹ ግራ ተጋብተው ይጮሃሉ፣ ሁለቱ ሊጋጩ ለጥቂት። ልቤ ወደቀ። ዋናው ዳኛ ሁለቴ ጥሩምባ ነፍቶ ሁሉንም መልሶ ጠራቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በል ቡና ቅዳልኝ፣ እንደገና እንጀምራለን" አለ። ይኸው ነው። ስብሰባ አልተጠራም። ባላንጣ አልተፈጠረም። እኛ ጋ ቢሆን? የማኅበር ገንዘብ ያዥ አንድ ደረሰኝ ሲጠፋበት ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል፣ በዓመቱ ሁለቱም ለየብቻ አዲስ ዓመት ያከብራሉ። ሁለቱንም በዓል እየበላሁ አይቻለሁ።

ዕድራችሁን ተዉ አላልኩም። እኔም ዕድር አለኝ። ግን ዕድር ማለት እኮ ጎረቤት ማለት ነው፣ ጎረቤታችሁ ደግሞ አሁን ይኼ አብሮኝ ጀልባ የሚፍቀው ሽማግሌ ነው።

5. ልጆቻችሁ

እዚህ ላይ ስለ ልብስና ስለ ፀሐይ ቅባት ልጽፍ ነበር። ይቅር።

ከሴቷ በፊት ወንድ ልጅ አለኝ። አሁን 25 ዓመቱ ነው፣ ዴንቨር ይኖራል። 11 ዓመቱ እያለ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የሸራ ጀልባ የሰመር ስልጠና፣ ክፍያው በስኮላርሺፕ ተሸፍኗል፣ የሚቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ሁለት ሳምንት ፍሪጁ ላይ ለጥፎት እያየሁት አለፍኩ። "አባዬ ፈርምልኝ" ይላል። በልጅነታችን አንድ አብሮ አደጋችን ጣና ላይ ቀርቷል፣ ያን እያሰብኩ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት እሱ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ማን ያመላልሰዋል? ኤርፖርት የሚጫነው ቅዳሜ ነው። አልፈረምኩም። ልጁም አላለቀሰም፣ ወረቀቱን ራሱ አንስቶ ጣለው። ከዚያ በኋላ ምንም ወረቀት አምጥቶልኝ አያውቅም። እናቱ ትፈርምለት ነበር።

በዚያ ሰመር ያገኘሁት ገንዘብ የት እንደገባ ታውቃላችሁ? ባሕር ዳር ቤት እሠራ ነበር። ዛሬም ጣሪያ የለውም።

አንተ ወንድሜ፣ ሁለት ሥራ ይዘህ "ለልጆቼ ብዬ ነው" የምትለው፣ እኔም ብያለሁ። ልጆቹ ግን የሚያውቁህ በጀርባህ ነው፣ ስትወጣ። አማርኛ አይናገሩም ብለህ ታማርራለህ። ከማን ጋር ይናገሩት? ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አድርሰህ ሄድክ፣ ሁለት ሰዓት ፊደል ቆጥረው ወጡ፣ በቀሪው ሳምንት አንተ የለህም። ቋንቋ አብሮ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል።

ከሴቷ ጋር ያየሁት ይህንን ነው። ወደ ክለቡ ስንሄድ መኪና ውስጥ 25 ደቂቃ አለን። "አባዬ፣ ይሄ በአማርኛ ምንድነው?" ትላለች። ሸራ። ገመድ። ቋጠሮ። መልሕቅ። ለአንዳንዱ እኔም ቃል አጣሁና ባሕር ዳር ወንድሜ ጋ እየደወልኩ የታንኳ ቀዛፊዎቹን አስጠየቅኩ። እነሱ እየሳቁ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር ጭምር በቪዲዮ አሳዩን። በማግሥቱ ልጅቷ በወፍራም ማርከር "ደንገል" ብላ በሐበሻ ፊደል ጽፋ ጀልባዋ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። "ገ"ን አጣማዋለች። ማንም አላነሳውም።

ጀልባ ላይ ስንወጣ አማርኛ ነው የምንናገረው። አቅጣጫ ሲቀየር ሸራውን ከሥር የያዘው ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል፣ በራስህ ትክክል። "ጎንበስ በል!" ትለኛለች። እጎነበሳለሁ። አዛዧ እሷ ናት።

ባለፈው ሐምሌ ወንድሟ ለአራት ቀን መጣ። እሷ ናት ጎትታ ያወጣችው። እኔ መቆሚያው ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ጀልባዋ ስታዘነብል ሁለቱንም ጠርዝ ጨብጦ ይስቃል፣ ከ11 ዓመቱ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ከዚያ ልትዞር ሆነች። ጮኸች፣ እኔ ድረስ ተሰማኝ፦ "ጎንበስ በል!" እሱ ቀና ብሎ አያት። ዘንጉ ግንባሩን አገኘው።

ከባድ አልነበረም። ሲመለሱ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ግንባሩ ላይ ያዝኩለት። ያኔም እየሳቀ ነበር። "አባዬ" አለኝ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ፣ "ጎንበስ በል ማለት ምን ማለት ነው?"