ይህች ስሙኒ ተበልታ ነው ወይስ ብርቅ ናት?

አንዲት አንባቢ ሠራተኛ ሰፈር፣ አያቷ ግቢ የውሃ ቱቦ ሲቆፈር የመዳብ ስሙኒ፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አገኘች። በአንድ ፊቱ የጃንሆይ ምስል፣ በሌላው አንበሳ አለ። ጠርዙ ግን እንደ አበባ ገባ ወጣ ይላል። «ጋሼ፣ ጎረቤታችን በጉጠት የተበላ ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ ብርቅ ነው፣ ብዙ ብር ያወጣል ባይ ነው። በሎሚና በአመድ ልፈትገውና ልየው?» ትላለች።

ልጄ፣ መጀመሪያ ሎሚውን አስቀምጪው። እኔ ፒያሳ ወርቅና ብር እየሠራሁ ነው የኖርኩት። ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ያመጡትን የጠቆረ የብር ሳንቲም፣ ሳይጠይቁኝ ወልውዬ አብለጨለጭኩላቸው። ሲያዩት ፊታቸው የተለወጠው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ያ ጥቁረት አንዴ ከሄደ በቀላሉ አይመለስም። መዳብ ደግሞ በሎሚ ሲፈተግ ሮዝ ይሆናል፣ ሰብሳቢም ወዲያው ያውቅበታል። ለብ ባለ ውሃ አፈሩን አስለቅቂና በጨርቅ ሳትፈትጊ አድርቂው። በቃ።

አሁን ወደ ጠርዙ። ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበረች። መጠኗ ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም ከሃምሳ ሳንቲሙ፣ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብር የተቀባች ስሙኒ ሽልንግ ሆና ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ክቡ ተሰበሰበና ጠርዙ እንዲህ ተከረከመ። ከፊሉ እዚሁ አዲስ አበባ ስለተቆረጠ ሻካራ ነው። ያንቺም የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። አልተበላም ማለት ነው። ብርቅ ግን አይደለም፤ የተከረከመው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። የሚፈለገው ክቡ ነው።

ለማረጋገጥ ሳንቲሙን ወረቀት ላይ አስቀምጪና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ወረቀቱን ቆርጠሽ ለሁለት እጠፊው። ገባ ወጣው ከሞላ ጎደል ከተገጣጠመ፣ ሆን ተብሎ የተከረከመ ነው። ትንሽ ቢዛነፍ አትደንግጪ። በጉጠት ወይም በመዶሻ የተጎዳ መዳብ ግን አይጠፋም፣ ይገፋል። በአንድ በኩል ሲጨፈለቅ በጎኑ ያብጣል። ጠርዙን በጣትሽ ስትዳስሺው ያንን እብጠት ታገኚዋለሽ። በሞረድ የተበላ ከሆነ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ስታዪው ትይዩ ጭረቶች ይታያሉ።

ማግኔትም አስጠጊበት። መዳብ አይሳብም። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ ያኔ ሌላ ነገር ይዘሻል።

ዓመተ ምሕረቱ እንዳያታልልሽ። ፲፱፻፴፮ ይላል፤ ግን ያ ቁጥር ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ታትሟል። ድሮ እንገበያይበት የነበረው የማርትሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። 1780 ይላል እንጂ ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ተመትቷል!

ማወዳደር ከፈለግሽ የባህል ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ አሮጌ ሳንቲም አይጠፋም። ያንቺን ከጎኑ አድርገሽ እዪው፣ ለመሸጥ ግን አትቸኩዪ።

ቁፋሮው ካላለቀ አፈሩን ደህና አድርጋችሁ ንፉት። ክብ ስሙኒ ከወጣ፣ በተለይ ነጣ ያለ ከሆነ፣ የጃንሆይን ጉንጭና የአንበሳውን ራስ እዪ። የተቀባ ብር መጀመሪያ የሚለቀው ከፍ ካለው ቦታ ስለሆነ፣ ቀይ መዳብ እዚያ ብቅ ይላል። እሱን ሳትነኪ በደረቅ ጥጥ ጠቅልለሽ አምጪልኝ።