ለእረፍት ሄዶ በላብ ሽፍታ መመለስ

የእረፍት ወቅት ሲደርስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ላብ ናቸው። ለዛሬ አራቱን መርጫለሁ።

ሞቃት ቦታ በሄድኩ በሁለተኛው ቀን ጀርባዬና አንገቴ ላይ ቀያይ ፍንጣቂዎች ይወጣሉ። እንደ መርፌ ይወጋጋኛል። ፀሐይ አለርጂ ሆናብኝ ይሆን?

የላብ ሽፍታ ይመስላል። ላብ ከቆዳ ሥር ካሉ እጢዎች በቀጫጭን ቱቦዎች ነው የሚወጣው። ቱቦው ሲደፈን ላቡ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፤ የሚወጋጋሽ እሱ ነው። ቦታውን አስተውዪ። የላብ ሽፍታ የሚወደው የታፈነውን ነው፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ ጡት ሥር፣ ቦርሳ የተሸከመ ጀርባ። የፀሐይ አለርጂ ግን ፀሐይ ያገኘውን ክንድና ደረት ይይዛል።

መድኃኒቱ መቀዝቀዝ ነው። ላብ ያራሰውን ልብስ አውልቂ፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ በፎጣ ሳትፈትጊ አድርቂ፣ ከዚያ ቬንትሌተር ፊት ቁጭ በዪ። ካላማይን የሚባለው የቆዳ ሎሽን ማሳከኩን ያበርዳል። ቫዝሊንና ቅባት የበዛበት ክሬም ግን ይቅርብሽ፤ የተደፈነውን ጭራሽ ይደፍኑታል። ላብሽ ከቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። መግል ከያዘ፣ ካበጠ፣ ካመመሽ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው።

ለሚቀጥለው ጉዞ ሰፋ ያለ ስስ የጥጥ ልብስ ያዢ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ቀለል አድርጊያቸው። ሰውነት አዲስ ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። እሱ እስኪለምድ የብዙዎቻችን እረፍት ያልቃል፤ ምን ይደረግ!

ሽፍታው የመጣው በፀሐይ መከላከያ ክሬሙ መስሎኛል። ልተወው?

አትተወው፣ ቀይረው። ወፍራሙና ቅባታሙ ቆዳን ሊያፍን ይችላል። ቀለል ያለ ሎሽን ወይም ጄል ምረጥ። በየ2 ሰዓቱ ደግመህ ተቀባ፣ ማታ ታጥበህ አስለቅቀው።

የስምንት ወር ልጄ አንገቷ እጥፋት ውስጥ ሽፍታ ወጣ። እናቴ ፓውደር ነስንሺበት ትላለች።

እናትሽን አክብሪ፣ ፓውደሩን ግን አስቀምጪው። ብናኙ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከላብ ጋር ሲለወስ ደግሞ ይጋገራል። የሕፃናት የላብ ቱቦ ገና ስላልጠነከረ ሽፍታው ቶሎ ይይዛቸዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እኛ የምንደራርብላቸው ልብስ ነው። ቀንሺላት። እጥፋቱን በውሃ አጥበሽ በስሱ አድርቂ፣ አየር ይንካው። የአዋቂ የማሳከክ ክሬም ሐኪም ሳትጠይቂ አትቀቢያት።

ሽፍታ እያለኝ መዋኘት እችላለሁ?

ቆዳህ ካልቆሰለ ዋኝ፤ እንዲያውም ያቀዘቅዝሃል። ስትወጣ በንጹህ ውሃ ተለቃለቅና ያን የተጣበቀ እርጥብ የዋና ልብስ ወዲያው ቀይረው።