የእንግሊዝኛው «ባይ» (by) ወይስ «አንቲል» (until)? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሊያ፦ መምህር፣ አለቃዬ ሪፖርቱን «ባይ ፍራይዴይ» ላኪ አለኝ። «አይ ዊል ሴንድ ኢት አንቲል ፍራይዴይ» ብዬ ብመልስለት ሳቀብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እስከ አርብ ድረስ እየደጋገምኩ እየላክሁ እከርማለሁ ነው ያልሽው! ጣጣው የመጣው ከእኛው «እስከ» ነው። «እስከ አርብ እልካለሁ» እንላለን፣ «እስከ አርብ እቆያለሁ»ም እንላለን፣ ለሁለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ከሆነ፣ ማለትም መላክ፣ መክፈል፣ መድረስ፣ «ባይ» ነው። ሳይቋረጥ የሚቀጥል ከሆነ፣ እንደ መጠበቅና መተኛት፣ «አንቲል»። ቀኑን ተዉትና ግሱን እዩ።

ብሩክ፦ አርብ ራሱ ይቆጠራል?

መልስ፦ አዎ። ስንት ሰዓት ድረስ እንደሆነ ግን አለቃህን ጠይቅ።

ሰላም፦ «ቲል» የ«አንቲል» ምህጻር ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ እንዲያውም «ቲል» ነው ቀዳሚው። ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «አንቲል» ይሻላል።

ዳዊት፦ እኔ «ባይ ፋይቭ» ቢሉኝ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ከች አልኩ። ለካ 11 ሰዓት ማለታቸው ነው።

ትዕግሥት፦ «ባይ» ከሆነማ 6 ሰዓት ቀድመህ ብትደርስም ልክ ነህ 😂

ዳዊት፦ ለዘበኛው ንገሪው! ደግሞ የኛ አቆጣጠር ነው ትክክሉ፣ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው።

ትዕግሥት፦ ታዲያ ስልክህን ለምን በፈረንጅ ሰዓት ሞላኸው?

መልስ፦ እባካችሁ ይሄን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ሄለን፦ «አይ ዎንት ቢ ባክ አንቲል መንዴይ» ያለ ሰው ሰኞ ይመጣል ወይስ አይመጣም?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ይመጣል። እዚህ ላይ የሚቀጥለው አለመኖሩ ነው፤ ሰኞ ሲደርስ ያ ያበቃል። «ከሰኞ በፊት አትጠብቁኝ» እንደ ማለት ነው። አሁን ቃሉን ቀይሪው፦ «አይ ዎንት ቢ ባክ ባይ መንዴይ»። ይሄኛው ሰኞም አልደርስላችሁም ነው የሚለው። አንዷ ቃል ብቻ ተቀይራ ሰውየው ቀረ ማለት ነው። የሥራ ኢሜይል ስታነቡ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ።

ናቲ፦ በአጭሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ናቲ፣ ከላይ አንብብ። ግሱን እይ ብያለሁ፣ ግሱን!

አቤል፦ «ሲንስ» እና «ፎር»ስ?

መልስ፦ «ሲንስ» ከመቼ ጀምሮ፣ «ፎር» ለምን ያህል ጊዜ። የቀረው ሌላ ቀን።