ጥያቄና መልስ፦ 194,313

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ቁጥር ነው፤ 194,313። አንድ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም የፋሲካ አቆጣጠር ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥምበት 532 ዓመት፣ በቀን ሲቆጠር። ጠይቁ፤ ጳጉሜን 6ን ግን አትርሱ።

የአዘዞዋ፦ መምህር፣ እንደምን አመሹ? እኔ 532ን በ365 ሳባዛ 194,180 መጣልኝ።

መምህር፦ ጳጉሜን 6! በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ትመጣለች። ደምሪያት።

የማራኪው፦ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው?

መምህር፦ አይደለም። አሃዞቹን ስትደምር 21 ነው፤ ለ3 ይካፈላል።

የፒያሳው፦ ለምን በ532? ባነሰ ዓመት አይዞርም?

መምህር፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው! 194,313 ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው። 3ን በ487 አባዙ፤ 1,461፣ የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ቀናት በሙሉ። የቀሩት 7 እና 19 ደግሞ የዕለትና የጨረቃ ናቸው። 4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሦስቱ አንድ ላይ መነሻቸው ላይ የሚገናኙት ሲባዙ በሚገኘው ዓመት ነው። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ የ1486ም፣ የ2550ም እንዲሁ።

የቀሃው፦ የ1923ም ሚያዝያ 4 ነበር! 95 ዓመት ይበቃል ማለት ነው።

የአራዳው፦ ኧረ አያቴ በ19 ይዞራል ይሉ ነበር።

የቀሃው፦ አያትህ ስለ አበቅቴ፣ ከጨረቃ ዓመት ስለሚተርፈው የቀን ቁጥር፣ ተናግረው ይሆናል፤ ስለ ፋሲካ አይደለም።

የአራዳው፦ አንተ አያቴን የት አውቀህ?

መምህር፦ ልጆች፣ አያት እዚህ ውስጥ አይግቡ። በ19 የሚመለሱት አበቅቴና መጥቅዕ (አበቅቴን 30 የሚሞላው ቁጥር) ናቸው፤ ዕለቱ አይመለስም። 95 ዓመት 24 ጳጉሜን 6 ካገኘ 34,699 ቀን ነው፤ ለ7 እኩል ይካፈላል። 23 ብቻ ካገኘ ዕለቱ በአንድ ይንሸራተታል። ከ1828 እስከ 1923 የሆነው ይኸው ነው፤ የ1828 ፋሲካ ሚያዝያ 3 ነበር። ከአራት አንዴ የሚከዳ ዑደት ቀመር አይባልም። ጳጉሜን 6ን አትርሱ የምለው ለዚህ ነው።

የሳሙና በሩ፦ ጎንደር ከተቆረቆረች ስንት ዐቢይ ቀመር ሆናት?

መምህር፦ አንድም አልሞላት። ፋሲል በ1628 ገደማ ቆረቆራት፤ የሚሞላት በ2160 ገደማ ነው።

አንድ አባል፦ የቁጥሩ ምስጢር ምንድን ነው?

መምህር፦ ከላይ በትኜዋለሁ። አንብብ።

ሌላ አባል፦ ጥምቀትስ በስንት ዓመት ይዞራል?

መምህር፦ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ የትም አይሄድም። ቀጣይ።

የማራኪው፦ ጨረቃዋስ በእርግጥ ትመለሳለች?

መምህር፦ በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 ጊዜ ትወለዳለች፤ በ19 ዓመት 235፣ ያ 28 ጊዜ። 194,313 ለ6,580 ሲካፈል 29.53085 ቀን ይሰጣል። የሰማይዋ ጨረቃ አማካይ 29.53059 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ 6,580 ጊዜ ሲጠራቀም ግን 1.7 ቀን ገደማ ይሆናል፣ የሰማይዋ ትቀድማለች። ያለ መነጽር፣ ያለ ማሽን ለተቀመረ ሒሳብ ይህን ያህል መቅረብ ያስደንቀኛል።

የአዘዞዋ፦ አሁን ስንተኛው ላይ ነን?

መምህር፦ 2018 ሲደመር 5500 (ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው ዘመን)፣ 7,518። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። በ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛው ዓመት ላይ ነን።