ያልበረደው መጸውና ያልሄዱት ሽመላዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው በፍራንክፈርት አካባቢ ነው። ኅዳር ቢጋመስም ብርዱ አልጠናም፤ ጥቂት ሽመላዎችም እስከ አሁን ከመስኩ አልሄዱም። መንገዱ ጠፍቷቸው ይሆን? ልንመግባቸውስ ይገባል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መንገዱ አልጠፋቸውም። አብዛኛው ሽመላ ጉዞውን የሚጀምረው ገና በነሐሴ ነው፤ የቀረው ግን ላባው ቅዝቃዜን ስለሚቋቋም መሬቱ በውርጭ እስካልደረቀ፣ ትሉና አይጡም እስካልጠፋ ድረስ እዚያው ሊከርም ይችላል። በምዕራቡ መስመር ከሚጓዙትም ብዙዎቹ ዛሬ ሰሃራን መሻገር ትተው በስፔን የቆሻሻ መጣያዎችና የሩዝ ማሳዎች አካባቢ ይከርማሉ። በቱርክ በሚገኘው የቦስፎረስ የባሕር መተላለፊያ፣ በእስራኤልና በናይል ሸለቆ አድርገው ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ የሚወርዱት የምሥራቁ መስመር ተጓዦች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ርቀው የሚሄዱት ትንንሾቹ ወፎች ናቸው። የጉዞ ጊዜያቸውን በዋናነት የሚወስነው የቀኑ ርዝመትና የውስጥ ሰዓታቸው በመሆኑ፣ የአውሮፓ ሙቀት ቀድሞ መምጣቱን አፍሪካ ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። በኔዘርላንድስ ደኖች የምትራባ፣ ዝንብ እያደነች የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ ከምዕራብ አፍሪካ ስትመለስ ጫጩቶቿን የምትመግበው አባጨጓሬ የሚበዛበት ጊዜ እያለፈባት፣ በአንዳንድ ቦታዎች ቁጥሯ በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

ሽመላዎቹን አይመግቧቸው፤ ራሳቸውን ይችላሉ። ብርዱ ሲጠና ግን ለትንንሾቹ ወፎች ጨው ያልነካው ሱፍና ንጹሕ ውሃ ያስቀምጡላቸው፤ ዳቦ አይስጧቸው፣ ዕቃውንም ደጋግመው ይጠቡት፤ በሽታ ከወፍ ወደ ወፍ የሚተላለፈው በቆሸሸ መመገቢያ ጭምር ነውና።